ጥብ የሚለው በር

ጥብ።

ከዚያ ጸጥታ። ከጸጥታው ቀጥሎ ደግሞ የሴት ድምፅ፣ ድስት ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው ታፍኖ፦ «ቀስ በል እንጂ፣ ሰውዬ! ማን ያሳድድሃል?»

ውሃልክ የደንበኛ መኪና ሥር በጀርባው ተንጋሎ ስለነበር ከዛገ የጭስ ማውጫ በቀር የሚታየው ነገር አልነበረም። ማየትም አላስፈለገውም። እናቱ እንደ ልማዷ ከምሳ በኋላ የሟች አባቱ መኪና ውስጥ ገብታ የቀኙን የፊት በር ዘግታለች። አሁን ከሟቹ ጋር ጭቅጭቅ ጀምራለች ማለት ነው።

«ምልክት አሳይ! አየህ፣ ሰደበህ። ደግ አደረገ።»

መኪናዋ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። ሟቹ ከሞተ ወዲህ ከግቢው ወጥታ አታውቅም። ግቢው ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ጋራዥ ነው። የልብስ ማስጫው ሽቦ ከጋራዡ ቆርቆሮ ተነስቶ ማጀቱ መስኮት ላይ ስለሚታሰር የቤተሰቡ ሸሚዝ ሁሉ ትንሽ ትንሽ የሞተር ዘይት ይሸታል። መኪናዋ በሁለቱ መሃል ትቆማለች፤ ድሮ ሰማያዊ የነበረች፣ አሁን ግን ምን ዓይነት ቀለም እንዳላት ሲጠየቁ ሰዎች ትከሻቸውን የሚነቀንቁላት።

እናትየው አላበደችም። ይህን ከአጥሩ ማዶ ጎማ የሚያድሰው ጎሚስታ እንኳ ይመሰክራል፤ እሱ ደግሞ ስለሰው ደግ ነገር የሚመሰክር ሰው አይደለም። «እብድ ብትሆን መሪው ጋ ትቀመጥ ነበር» ይላል። «ቦታዋንማ አሳምራ ታውቃለች።» እውነቱን ነው። ነገሩ ሌላ ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ አፍ ነበረው፤ አንድ ስትለው አምስት ይመልስላት ነበርና ሆዷ ውስጥ ያለውን ጨርሳ ተናግራ አታውቅም። አሁን ሜዳው የእሷ ብቻ ሆነላት።

ጭቅጭቁ ታዲያ ከየትም ቢነሳ ማረፊያው አንድ ነው።

«አውርደኝ። አውርደኝ ብያለሁ! እዚህ ጋ አቁምና በእግሬ ልሂድ።»

ሟቹ ለዚህ የታወቀ መልስ ነበረው። «ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ደርሰናል» ይላል። ደርሰው አያውቁም። አንድ ቀንም ቆሞላት አያውቅም። እልኸኛ ነበር፤ ይቅርታ የሚባለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ እንኳ ጥርሱን ያመው ነበር። ግን እሷን ያስቀየመ ቀን ማታ ወደ ቤት አይገባም። መፍቻውን ይዞ ወደ መኪናዋ ይሄድና የእሷን በር ማጠፊያ ያላላል፣ ያጠብቃል፣ ትንሽ ይሞርዳል፣ ዘይት ይቀባል፣ ዘግቶ ያዳምጣል። ብዙ ጊዜ ስላስቀየማት በሩ እጅግ በጣም ጥሩ በር ሆነ። ሌሎቹ ሦስት በሮች ጓ! ብለው ሲዘጉ ሰፈር ይሰማል። የእሷ ግን ጥብ ይላል፤ ሥጋ የለበሰ ነገር ይመስል።

ውሃልክ ይህን ያውቃል። የባትላሜራነቱን ሙያ፣ ማለትም የተጨማደደ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ማቃናቱን፣ ከአባቱ ነው የወረሰው። ቅጽል ስሙን ግን በራሱ ጥረት ነው ያገኘው። ከኋላ ኪሱ ያቺ ትንሽ የግንበኛ ውሃ ልክ አትጠፋም። ራት ሲቀርብ ሳይቀር አውጥቶ ገበታው ላይ ያስቀምጣታል፤ አረፋዋ መሃል ካልቆመች የጠረጴዛው እግር ሥር ወረቀት አጥፎ ሳያስገባ አይጎርስም። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። በሥራ መሃል መዶሻውን እንደያዘ ፈዝዞ ይቀርና የደመና ጥላ የመኪና ኮፈን ላይ ሲሄድ ያያል። ለምን አላገባም ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስለት ታላቅ ወንድሙ ነው፦ «እስካሁን የለካቸው ሁሉ ያዘነብላሉ።»

ይህ ታላቅ ወንድም ፕሮጀክት ይባላል። ሥራ አለው እንዳይባል የለውም፣ የለውም እንዳይባል ሲሮጥ ነው የሚውለው። የመታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዓሣ ሊያረባ ሞክሮ ቤተሰቡ ለረጅም ጊዜ በባልዲ ታጥቧል። የኪራይ ድንኳን ገዝቶ በመጀመሪያው ንፋስ ድንኳኑ ከነእንግዶቹ ወንበር ወደ ጎረቤት ግቢ ሄዷል። ያን ቀን እናቱ ጭቅጭቋን ጨርሳ ወደ ቤት እንደገባች እሱ ከመንገድ እየሮጠ መጣ፤ ዓይኑ ያበራል። ውሃልክ ያን የዓይን ብርሃን ከመኪናው ሥር አሾልቆ ሲያይ ይበልጥ ወደ ውስጥ ገባ።

«ተነስ! ከመኪና ሥር ውጣ። ሀብታም ልንሆን ነው።»

«አሁን ምንድነው? ዓሣ?»

«ሙሽራ! ጣሪያ የሌለው የሙሽራ መኪና በዚህ ከተማ አንድ የለም። የአባዬን መኪና ጣሪያ እናነሳላታለን፣ ነጭ እንቀባታለን፣ ሙሽሮቹ ኋላ ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ ይሄዳሉ።»

ጎሚስታው ጭንቅላቱን በአጥሩ ላይ አወጣ። ይህ ሰውዬ ጎማ ሲነፋ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። «ሲዘንብስ?»

«ሲዘንብ ሙሽራዋ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ግን አይታይባትም። ይሄ ራሱ ጥቅም ነው።»

«አይሆንም» አለ ውሃልክ።

«ለምን?»

«መኪናዋ ሻንሲ የላትም።»

«መኪና ሻንሲ ሳይኖረው በምን ይቆማል? በጸሎት?»

ውሃልክ ተነሳ፤ ስለ ሰው ሲጠየቅ ምላሱ የሚታሰረው ልጅ ስለ ብረት ሲሆን ይፈታለታል። የመለዋወጫ ዕቃ የመጣበትን ካርቶን አነሳ። «የጭነት መኪና ከሥሩ ወፍራም የብረት አልጋ አለው። ላዩን አውልቀህ ብትጥለው ግድ የለውም። ይቺ ግን እንደዚህ ካርቶን ናት። አጥንቷ ራሱ ቆርቆሮው ነው፤ ወለሉም፣ ምሰሶውም፣ ጣሪያውም እርስ በርስ ተያይዘው ነው የሚሸከሟት። ተመልከት።» የካርቶኑን ክዳኖች በቢላ ገፈፋቸውና ጫፍና ጫፉን ይዞ አነሳው። መሃሉ እጥፍ ብሎ ተልፈሰፈሰ፤ ውስጡ የነበረው ብሎን ሁሉ ተበተነ።

«ብሎኑን ማን ይለቅማል?» አለ ጎሚስታው።

«ጣሪያዋን ስትቆርጥ መሃሏ ይሰምጣል። በሮቿ ከዚያ ወዲያ ተዘግተው አይዘጉም።»

«ታዲያ ሌሎች አገር እንዴት ይቆርጣሉ? አይቻለሁ እኮ!»

«መጀመሪያ ያስሯታል። የተሰበረ እግር በእንጨት እንደሚታሰረው። ከፊት በር ምሰሶ እስከ መሃል ምሰሶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በአግድም ቱቦላሬ፣ ያ ውስጡ ባዶ የሆነው ብረት፣ ይበየድላታል። ያኔ ስትቆርጣት ቅርጿን አትረሳም። ከዚያ ከበሮቹ ሥር፣ ደፏ ላይ ወፍራም ብረት ታስገባላታለህ። ያ ሲያልቅ ነው ማሰሪያው የሚወጣው።»

ፕሮጀክት ወንድሙን እቅፍ አድርጎ ግንባሩን ሳመው። «አየህ! ይቻላል ማለት ነው!»

ውሃልክ አይቻልም ለማለት የተናገረው ሁሉ ይቻላል ሆኖ እንዴት እንደወጣ አልገባውም። ዕድሜ ልኩን ከዚህ ሰውዬ ጋር ሲከራከር እንዲህ ነው የሚሆንበት። አንድ ተስፋ ቀረው፤ እናታቸው።

የማጀቱ መስኮት ብርግድ ብሎ ተከፈተ። ለካ ስታዳምጥ ነበር።

«ቁረጡት» አለች።

«እማዬ?» አለ ውሃልክ።

«ድሮም ያፈሳል። አባታችሁን ጣሪያውን ድፈን እያልኩ ጥርሴ አለቀ። ቁረጡት። ግን አንድ ነገር ስሙኝ፤» አለችና የሳሙና አረፋ የሚንጠባጠበውን ጣቷን ቀሰረች፤ «ያቺ የእኔ በር ስታልቅ ጥብ ካላለች፣ ሁለታችሁም የዚህን ቤት ደፍ አትረግጡም። እዚያው ክፍቷ መኪናችሁ ውስጥ ታድራላችሁ፤ እየዘነበባችሁ።»

መስኮቱ ተዘጋ። ፕሮጀክት ሳቀ። ውሃልክ አልሳቀም። እናታቸው የማታደርገውን ተናግራ አታውቅም። ደግሞ ከቤት መባረሩ አይደለም ያስጨነቀው። ያ ድምፅ አባቱ በሕይወቱ የተናገረው ብቸኛ ይቅርታ ነበር፤ አሁን በውሃልክ እጅ ሊበላሽ ነው።

ውሃልክ ሥራ ጀመረ፤ መስታወቶቹን አወረደ፤ የነዳጅ ታንከሩን አወጣ፤ ባትሪውን ፈታ። ወንበሮቹን ነቀለ፤ ከአንዱ በቀር። የፊት ቀኙን ሊፈታ መፍቻ ሲያስገባ እናቱ ከየት መጣች ሳይባል ከኋላው ቆማ «እ?» አለችው። መፍቻውን አወጣ። መኪናዋን ጫፍና ጫፏ ላይ በብረት መደገፊያ ለጊዜው አቆማት፤ ቱቦላሬው ሲመጣ መሃሏን ደግፎ ሊያስተካክላት፣ ከዚያም ከጥግ እስከ ጥግ ሊለካት አስቦ ነው። ከዚያ ብረት ሊገዛ ወጣ።

«እስክመጣ ማንም እንዳይነካት» አለ።

«ምን አገባኝ» አለ ፕሮጀክት፤ ብረት መቁረጫው ግራይንደር ላይ ዓይኑን ጥሎ።

ቱቦላሬውን በትከሻው ተሸክሞ ሲመለስ ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሰማው። ዚዚዚዚዚዝ የሚል፣ ጥርስ የሚበላ። ለራሱ ሌላ ጋራዥ ነው አለ። ሁለት ርምጃ ሳይሄድ በዚያ ሰፈር ሌላ ጋራዥ እንደሌለ ትዝ አለው። መሮጥ ጀመረ፤ ቱቦላሬው ከፊትና ከኋላው እየተወዛወዘ፣ መንገደኛው ሁሉ ጎንበስ ብድግ እያለ እየረገመው። በሩ ጋ ሲደርስ ዚዝታው ቆመ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ትንሽ፣ ደረቅ።

ቀጭ።

ፕሮጀክት ግራይንደሩን እንደያዘ ከመኪናዋ ጎን ቆሟል። ከሁለቱም ወገን ከበሮቹ በላይ ያለው ብረት ተበጥሷል። ፊቱ ላይ ያለው ፈገግታ ገና መሄጃ አላገኘም።

«ልጀምርልህ ብዬ ነው» አለ። «እንዲቀልህ።»

«እኔ ነግሬዋለሁ» አለ ጎሚስታው ከአጥሩ ላይ። «በደንብ ቁረጥ እንጂ አትፈትፍት ብዬዋለሁ።»

ውሃልክ ቱቦላሬውን መሬት ላይ ለቀቀው። ውሃ ልኩን አውጥቶ ደፏ ላይ አስቀመጠ፤ አረፋዋ እንደተቆጡት ልጅ ጥግ ይዛ ቀረች። የቀኙን በር ገፋ አደረገው። በሩ ክርርር ብሎ ከላይ ተነከሰና ቋ! ብሎ ተመልሶ ወጣ። ከላይ ምላጭ አያስገባም፤ ከታች ጣት ያስገባል። መሃሏ ሰምጧል።

«መልሰን ቀጥ እናደርጋታለን» አለ ፕሮጀክት። ድምፁ ቀጥኗል።

«ወደየት ነው የምመልሳት? አልለካኋትም!» ውሃልክ ጮኸ። በሕይወቱ የጮኸበት ጊዜ ስለሚቆጠር ጎሚስታው ደነገጠና ራሱን ከአጥሩ ላይ ዝቅ አደረገ። «ቱቦላሬውን ካመጣሁ በኋላ ልለካት ነበር! ልኳን ማን ያውቀዋል አሁን?»

«እንደሷ ያለች መኪና ፈልገን እንለካለን።»

«እንደሷ ያለች ብትገኝ እንደሷ የጎበጠች አትገኝም። አባዬ ያን በር ያስተካከለው በራሷ ጉብጠት ልክ ነው።»

የማጀቱ በር ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ነበር። እናታቸው እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች፤ ቦርሳዋን በክንዷ ይዛለች፤ መኪና ውስጥ ያለ ቦርሳ አትገባም። ሁለቱ ልጆቿ መኪናዋ ፊት ለፊት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆሙ፤ ሊከልሉባት። እንደ ጥንድ መጋረጃ ገለል አደረገቻቸው። ቁርጡን አየች። በጣቷ ዳበሰችው። ገባች፤ ብቸኛው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ በሯን ሳበች።

ክርርር። ቋ!

ወደ ግራ፣ ወንበር ወደሌለው ባዶ ወለል ዞራ «አየሃቸው?» አለች። «በእኔ አልወጡም።» ከዚያ ደግማ ሳበች። ቋ! ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል አደረገች። «ወደ ታች ሄዳለች» አለች። «ድሮ እንዲህ ያደርጋት ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን። ያኔ ከዚህ ብሶ ነበር እንዲያውም።»

ውሃልክ አያት። አፉ ሳይታወቀው ተከፈተ።

«እማዬ፣ ድምፁን ታውቂዋለሽ አይደል? ልክ ሲሆን?»

«ስምሽን ታውቂዋለሽ ወይ በለኛ።»

«እንዳትወጪ። ፕሮጀክት! ክሪኩን አምጣ። ሳንቃም አምጣ፤ ወፍራሙን። ጎሚስታው፣ ና ዝለል!»

ሳንቃውን መሃሏ ሥር አነጠፈ፤ ከሱ ሥር ክሪኩን አስገባ፤ ጎሚስታው በደረቱ ተኝቶ ዘንጉን ያዘ። «ፀጉር በፀጉር» አለው ውሃልክ። ክሪኩ ተጠመዘዘ። መኪናዋ አቃሰተች። እናትየው በሯን ከፍታ ዘጋች።

ቋ!

«ገና ነው።»

ክሪኩ ዞረ። ቋ።

«ገና።»

ዞረ። ዷ።

«መጣች መጣች... ጨምር፣ ትንሽ፣ እንደ ጨው።»

ዞረ። ክትም።

«አለፈ! መልስ! አንተ ጎማ ነፊ፣ እጅህ ለምን እንዲህ ከበደ?»

«እትዬ፣ እኔ በደረቴ ተኝቼ ነው ያለሁት፣ ይዘኑልኝ እንጂ!»

«ተኝተህ መሥራትማ አዲስ ነገር አይደለም ለአንተ። መልስ!»

እንዲህ እያሉ ቆዩ። ላብ የጎሚስታውን አንገት አጠበው። ፕሮጀክት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሐሳብ ሳያቀርብ ቆመ። ውሃልክ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር፤ ልጅ እያለ አልጋው ውስጥ ሆኖ አባቱ በጨለማ በሩን እየከፈተ እየዘጋ ሲሞክር እንዳዳመጠው።

ጥብ።

«ማንም እንዳይነቃነቅ!» አሉ እናትና ልጅ እኩል።

ማንም አልተነቃነቀም። እናትየው ግን ልትወርድ ከወንበሯ ትንሽ ብድግ ስትል ደፉ ላይ ያለችው አረፋ ሸተት አለች። ተመልሳ ስትቀመጥ አረፋዋም ተመለሰች። ውሃልክ አንዴ አረፋዋን፣ አንዴ እናቱን አየ።

«እማዬ፣ እዚያው ነሽ።»

«እንዴት?»

«ሁሌ አንቺ ውስጥ ሆነሽ ነው የምትዘጋው። ልኳ ከነአንቺ ነው። እስክበይድ አትወጪም።»

«በእሳት ልትጠብሰኝ ነው?» አለች፤ ግን ወንበሯን ይበልጥ ተደላደለችበት።

ብርድ ልብስ ውሃ ውስጥ ነክረው አለበሷት። የብየዳ መከለያ ራሷ ላይ አጠለቁላት። ፕሮጀክት ባልዲ ውሃ ይዞ ከጎኗ እንዲቆም ታዘዘ፤ የመጀመሪያው ፍንጣሪ ገና ከብረቱ ሳይለቅ ባልዲውን እንዳለ ፊቷ ላይ ቸለሰው።

«ዓሣ አረባ አሁን!» አለች ከመከለያው ውስጥ። «አንተ ሰውዬ፣ ታያለህ? የበኩር ልጅህ ሊያሰጥመኝ ነው። ብልጡን ልጅ ማን ወሰደብን?»

ውሃልክ በየደ። ከፊት ምሰሶ እስከ መሃል ምሰሶ፤ በቀኝ፣ በግራ፤ ከእግሯ በላይ በአግድም፤ ከጀርባዋ ከወገን ወገን። እያንዳንዱ ብየዳ ሲቀዘቅዝ አረፋዋን ያያል፤ መሃል ናት። ማሰሪያው ሲያልቅ ክሪኩን ዝቅ አደረጉ። መኪናዋ ምንም አላለችም። ሁሉም ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ያኔ ነው ጎሚስታው ከሥር ወጥቶ፣ ደረቱን እያራገፈ፣ የጠየቀው፦ «እትዬ በየት ነው የሚወጡት?»

ተያዩ። በቀኝ ቱቦላሬ፤ በግራ ቱቦላሬ፤ ከኋላ ቱቦላሬ። እናታቸው ብርድ ልብስ ለብሳ፣ የብረት ፊት አጥልቃ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የወፍ ቤት ውስጥ እንደገባች ዶሮ በመሃል ተቀምጣለች።

«በፊት መስታወቱ ቦታ» አለ ፕሮጀክት። «ኮፈኑ ላይ ተንሸራተሽ ትወርጃለሽ። ሳሙና እንቀባዋለን።»

«ሌባ ነኝ በመስኮት የምወጣ?»

«እማዬ—»

«ጣሪያውን ልታነሱት አይደል? አንሱትና በወጉ ቆሜ እወጣለሁ። እስከዚያ አልንቀሳቀስም።»

አልተንቀሳቀሰችም። የቀረውን ጣሪያ ውሃልክ ራሱ ቆረጠው፤ እሷ ከሥር ብርድ ልብሱን ተከናንባ «በስተግራ ጠምዘዝ አለ፣ አስተካክል» እያለችው። ሦስቱ ወንዶች ጣሪያውን አንስተው ወደ ጎን ሲወስዱት ብርሃን እንደ ውሃ ተደፋባት። መከለያውን አወለቀች። ቀና አለች። ትንሽ እንደዚያ ቆየች። መሰላል አወረዱላት፤ ቆማ ወጣች፤ ቦርሳዋን ለማንም ሳታስይዝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ አዝጋሚ ነበር። ውሃልክ የበሰበሰውን ደፍ እየከፈተ ወፍራም ብረት ከውስጥ አስገባ፤ ከወለሉ ሥር ከወገን ወገን አገዳ አጋደመ። ክፉው ነገር ሌላ ነበር። በሮቹ ታስረዋልና እናትየው መግባት አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፣ መኪናዋን ትዞራታለች፣ ትመለሳለች። ከሙት ጋር የምትጨቃጨቅበት ቦታ ስታጣ በሕያዋኑ ላይ ዞረች። ፕሮጀክት ማንኪያ አያያዙ ሳይቀር ተነሳበት። አንድ ቀን እየበላ «ስትጎርስ ምልክት አታሳይም?» ብላው ሊታነቅ ነበር። «ኧረ ባክህ ቶሎ ጨርስ» እያለ ወንድሙን ለመነው። «ሙሽራውም ይቅር፣ ሀብቱም ይቅር።»

ውሃልክ ግን አልቸኮለም። እንቅልፍ ነው ያጣው። ማሰሪያውን እየተማመኑበት መቁረጥና ማሰሪያውን ራሱን መቁረጥ ለየቅል ናቸው። ቱቦላሬው ሲወጣ ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከመጣ ጥብ የሚባል ነገር ከዓለም ላይ ጠፋ ማለት ነው።

መኪናዋ ተቀባች፤ ወንበሮቿ ተመለሱ፤ በጎማዎቿ ላይ ቆመች። ውሃ ልኩን ከመሪው ፊት፣ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በጠሰ። ጎሚስታው በአጥሩ ላይ ዝም ብሎ ያይ ነበር፤ ዝም ማለት እንደሚችል ያን ቀን ነው የታወቀው። የመጨረሻው ቱቦላሬ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ውሃልክ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጠበቀ።

ምንም።

አረፋዋ ወደ እናቱ ወንበር ወገን ትንሽ ሸሽታ ቆማለች። ይሄን አውቆታል። እሷ አልገባችማ።

«በሩን ሞክረው እንጂ!» አለ ፕሮጀክት ጥፍሩን እየበላ።

«እኔ አይደለሁም የምሞክረው» አለና ወደ ማጀቱ ተጣራ። «እማዬ!»

ቆየች። ስትወጣ የቤት ነጠላ ጫማዋን አላደረገችም፤ ከቤት የምትወጣበትን ጫማ ነው ያደረገችው። ቦርሳዋ በክንዷ ነው። ነጩን ቀለም፣ የመኪናዋን ክፍት አናት፣ ሁለቱን ልጆቿን አየች። ገባች። ዳሽቦርዱ ላይ አረፋዋ ሸተት ብላ መሃል ገባች። እናቱ እጀታውን ያዘች፤ ሳበች።

ጥብ።

«አላልኳችሁም!» ብሎ ፕሮጀክት ዘለለ። ጎሚስታው በአጥሩ ላይ አጨበጨበ፤ ሚዛኑን ስቶ ወደ ራሱ ግቢ ወደቀ፤ ከማዶ የጎማ መገልበጥ ተሰማ። ውሃልክ የተቆረጠው ጣሪያ ላይ ተቀመጠ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አላወቀም፤ በሁለቱም መሃል አፍንጫውን ጠረገ።

እናቱ አልሳቀችም። አፏን ልትጨቃጨቅ ከፍታ ወደ ግራ ዞረች። የሹፌሩ ወንበር ላይ ፀሐይ ተዘርግቶበታል። ከላይ የሚከልል ስለሌለ እስከ ስፌቱ ድረስ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ አንድ ዝንብ እግሩን ያሻሻል። እሷ ለረጅም ጊዜ አየችው። አፏን ዘጋች።

ከዚያ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ሙሉ መኪና ሰው እንደሚሰማት ሁሉ፣ «ወራጅ አለ!» አለች።

በሯን ከፍታ ወረደች። ቀሚሷን አራገፈች። በሯን ዘጋችው፤ ጥብ። ወደ ማጀቱ አልዞረችም። በሁለቱ ልጆቿ መሃል አልፋ፣ ወደ ውጭው በር ሄደች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?» አለ ፕሮጀክት።

መዝጊያውን ገፋ አድርጋ ወጣች፤ ክፍቱን ተወችው። የጫማዋ ድምፅ መንገዱ ላይ ትንሽ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለ ፕሮጀክት ወንድሙን።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ውሃልክ። ዳሽቦርዱ ላይ አረፋዋ ወደ አንድ ወገን ሸሽታ ቆማለች። ሊያነሳት እጁን ዘረጋ፤ ተወው።